በምራቅ የተመረቀው ሽጉጥ

ባሌ ጣሊያን ያስታጠቀው ሰው ነበር። ይህን ትቼ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ አይተውም። ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን በሚሠራው መንገድ ላይ የቀን ሠራተኞች አለቃ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ካቦ ነበር። በልጅነቱ አሰብ ወደብ ዕቃ ሲሸከም የለቃቀማት ጣሊያንኛ ነበረችው፤ ያሾመችውም እሷ ናት። እኔ ደግሞ ወንድሜ ጫካ የገባ ሴት ነበርኩ። ከአንድ እናት ከአንድ አባት፣ ከእኔ ቀጥሎ የተወለደ። ቦሩ ሜዳ ካለው የወላጆቻችን ቤት የአባታችንን ጠመንጃ ይዞ ከወጣ ወዲህ የት እንደሚያድር የሚነግረኝ አልነበረም። ባሌ ይህን ያውቃል፤ የባሌ አለቆችም ያውቃሉ።

ሽጉጡ የመጣው አርበኞች ደጋን አጠገብ መንገድ ዘግተው አንድ ካሚዮን ካቃጠሉ በኋላ ነው። ለካቦዎቹ ሁሉ ታደለ። የባሌ አዲስ ነበር፤ የፋብሪካ ዘይቱ አልደረቀም፤ እንደ ኑግ የጠቆረ፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት ፊት የሚያሳይ። ጎረቤት ሁሉ ሊያየው መጣ። እኔ ግን አልወደድኩትም፤ ቤት ውስጥ በተቀመጠበት ማዕዘን ሳልፍ እንኳ ጀርባዬን አልሰጠውም ነበር። ትእዛዙ ከባድ ነው፤ በየወሩ ደሴ ወስዶ ለጣሊያኑ የመሣሪያ ሹም ማሳየት ግዴታ ነበር። የጠፋበት፣ የለወጠ፣ ወይም ለአርበኛ ያዋሰ ሰው ይሰቀላል። ይህ ለማስፈራራት ብቻ የተባለ አልነበረም፤ ኮምቦልቻ ገበያ ዳር በዚህ ሰበብ የተሰቀለ ሰው በዓይናችን አይተናል።

በእኛ አገር ደግሞ አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይያዝም። በሬም ይሁን፣ ቤትም ይሁን፣ ሙሽራም ትሁን፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርግበታል። ባሌ ጣሊያንኛ ቢያውቅም የወሎ ሰው ነው፤ ሽጉጡን ለማስመረቅ አጎቱንና ሽማግሌዎቹን ጠራ። አጎቱ የተከበሩ ሸህ ነበሩ፤ ባሌን አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀመጡ፤ ጫቱ ቀረበ፤ ወዳጃው፣ የዱዓ ጉባኤው፣ ሞቀ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርኩ፤ የሰማሁት «አሚን! አሚን!» የሚለውን ብቻ ነው። የባሌ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

የምርቃት ማሰሪያው እንትፍታ ነው። ሽጉጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ ጫት በሞላው አፉ እንትፍ፣ እንትፍ እያለ ባረከው። የእንትፍታ ምራቅ ደግሞ አይጠረግም፤ የጠረገው በረካውን ጠረገ ይባላል። ባሌ ሽጉጡን እንደራሰ ከቆዳ አፎቱ ከተተውና ክዳኑን ዘጋ። መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያይ ራሱን ይይዛል። ከእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች አንድም ሰው «ብረት ነውኮ፣ ይዝጋል» ያለ የለም፤ እኔም ብሆን ከጓዳ ወጥቼ አልተናገርኩም፣ በምርቃት መሀል ሴት ምን አግብቷት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ባሌ ሊወለውለው አወጣው። ከእጀታው በላይ ባለው ብረት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቀይ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ደነገጠ። ዘይት ቀብቶ ቢያሳድረው፣ ወይ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ ምን ነበረበት? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ቢላዋ እንደሚፈተግ በአመድና በሎሚ ፈተገው። ዝገቱ ለቀቀ። ጥቁረቱም አብሮ ለቀቀና ሥፍራው እንደ ለምጽ ነጣ። ያም የነጣው ሥፍራ የሽጉጡ መለያ ቁጥር ከተቀረጸበት ጎን ነው።

ሽጉጡን ሳብ አድርጎ፣ አቀባብሎ፣ ጥይት ሳያጎርሰው ቃታውን ሳበው። ምንም አልሆነም፤ ሥራውን ይሠራል።

«መልኩ ብቻ ነው የተበላሸው፤ ለመልኩ ነው እንዴ የሰጡህ?» አልኩት።

«አንቺ ምን አለብሽ! ቁጥር ሊፍቅ ሞክሮ ነው ይሉኛል። ኸአርበኛ እጅ ገብቶ የወጣ ነው ይሉኛል። አማችህ የት ነው ብለው የጠየቁኝን ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። ሌሊት ሌሊት ገመድ ነበር የሚታየኝ። በባሌ ብናደድም፣ ከጣሊያን ጋር መዋሉ ቢያሳፍረኝም፣ ሞቱን አልፈለግሁም፤ ሰው ጠልቶትም ለሚወደው ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና ደግሞ መደበቅ ጀመረ። የብረት ድስት ጥላሸት በሰም ለውሶ ቀባው። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስል ነበር። «ተወው፤ እንዳለ ወስደህ እውነቱን ንገራቸው» ብዬ ለመንኩት። አልሰማኝም። አጎቱ ግን ነገሩን ሲሰሙ፣ «ምራቁ የእኛ ነው። እኔም አብሬህ ሄጄ እመሰክራለሁ» አሉ። እኔም ቤት ሆኜ መጠበቁን ስላልቻልኩት ተከትያቸው ወጣሁ። በመንገድ ሥራው ካሚዮን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ ገባን።

የመሣሪያ ሹሙ ጠረጴዛውን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ሴት ስለማይገባ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ነው ያየሁት፤ ድምፅ አይደርሰኝም። የባሌ ተራ ደረሰ። ሹሙ ሽጉጡን ተቀብሎ አገላበጠው፤ አውራ ጣቱን እዚያው ሥፍራ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጣቱን አነሳና አየው። ጠቁሯል። ሁለት ወታደሮች ከባሌ ግራና ቀኝ መጥተው ቆሙ። አጥሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ፤ «ያረቢ፣ ያረቢ» ከማለት በቀር ዱዓ እንኳ ጠፋኝ።

ቀና ብዬ በቀዳዳው ሳይ አጎቱ ጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። በእጃቸው አፋቸውን እያሳዩ፣ ሽጉጡን እያሳዩ ይናገራሉ። ባሌ ያስተረጉማል። ሌላ አስተርጓሚ አልነበረም። ሹሙ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሽማግሌው ረጋ ብለው መለሱ፤ ባሌ ሽማግሌውን አየት አድርጎ አስተረጎመ። ሹሙ ሳቀ። ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ ሽጉጡን መለሰለት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ከወታደሮቹም አንዱ እየሳቀ እንትፍ አለ።

ስንመለስ ባሌ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ አጎቱና እኔ ከኋላ የስሚንቶ ጆንያ ላይ ሆንን። ከደስታዬ የተነሳ እንባ እንባ ይለኛል፤ የሽማግሌውን እጅ ይዤ ልስም ስል ነጠቁኝ።

«አፉ በይኝ ልጄ፣ ልቤ ደህና አይደለም» አሉ።

«ምነው አባቴ? ሰው አድነው የለም እንዴ?»

«ያ ሰውዬ፣ ስትመርቁት ምን ብላችሁ መረቃችሁት ብሎ ጠየቀኝ። ዱዓ አይዋሽም። ያልነውን ሳልሸራርፍ ነገርኩት፦ አላህ ይህን መሣሪያ ኸአገሬ ልጅ ደም ያርቀው፤ በወገን ላይ ሲነሳ አፉን ይያዘው፤ ይምከን፤ ነው ያልነው። ባልሽ ይህንን ነገረው ብለሽ ነው? እንዲህ ቢለው ያ ሰው ይስቃል?»

ጓዳ ሆኜ የሰማሁት አሚን ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እነዚያ ሽማግሌዎች ጣሊያን ያደለውን ሽጉጥ እንዳይተኩስ ነበር የመረቁት። ባሌም ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን ብሎ ነበር። ያን ቀን ወደድኩት። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ወደድኩት።

ቤት እንደገባን ግን ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«ምን ብለህ አስተረጎምክለት?» አልኩት።

«መንግሥትን ያጽና፣ የመንግሥትን ጠላት ሽጉጡ ያጥፋልን ብለው መረቁ አልኩት። ምን ልበል? አንገቴን ልስጥ?»

«ደግ አድርገሃል። ተርፈሃል።»

«ወደደው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሽማግሌዎቹ እንዲህ ኸመረቁህማ ኸወታደሮቹ ጋር ትወጣለህ፤ አገሩንም ትመራቸዋለህ አለኝ። በሚመጣው ሳምንት አርበኞቹ አሉበት ወደተባለው ቆላ።»

ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም አልኩ እንጂ፣ ከቆላው እንደማይርቅ ልቤ ያውቅ ነበር። ባሌም ያውቅ ነበር። የዳነበት ቃል ይዞት ሊሄድ ነው። «ታምሜያለሁ በል፣ እግርህን ስበር፣ ጥፋ» አልኩት፤ አለቀስኩ፤ ተሳደብኩ። ቢጠፋ እኔንና አጎቱን እንደሚይዙ እሱም እኔም እናውቃለን።

ሊወጣ ሲል ወደ አጎቱ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ደጃፋቸው ላይ ጫማውን አውልቆ ተንበረከከ።

«ሸሁ፣ ያንን ዱዓ ያንሱልኝ» አለ። «ቆላ ወርጄ ቢተኮስብኝና ሽጉጡ ቢመክንብኝ እሞታለሁ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት። የሚያዝኑለት ይመስሉ ነበር።

«ብቻዬን አልመረቅኩትም፤ አንተም አሚን ብለሃል» አሉት። «አላህ በሰላም ይመልስህ እላለሁ። ሌላውን ማንሳት የእኔ ሥራ አይደለም።»

ተነስቶ ጫማውን አደረገ። ወታደሮቹን የጫኑት ካሚዮኖች የቦርከናን ድልድይ ሲሻገሩ ከጎረቤቶቼ ጋር ቆሜ አየሁ። ዱዓ ላድርግ ብዬ እጄን ዘርግቼ ለማን እንደማደርግ ጠፋኝ። ሽጉጡ ይተኩስ ብል ወንድሜ አለ፤ ይምከን ብል ባሌ አለ። እጄን አጥፌ ገባሁ።

ተመለሰ። ልብሱ በአቧራ ነጥቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ በሰውነቱ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቼ ሳስቀምጥ የባሩድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

«ተኩሰሃል» አልኩት።

«ተኩሻለሁ።»

«በማን ላይ?»

«ወደ ሰማይ» አለ። «ሁሉም ሲተኩስ እኔም ወደ ሰማይ ተኮስኩ። ወላሂ።»

ወላሂ ካለ በኋላ ምን ይጠየቃል። ልመነው ብዬ ቆረጥኩ፤ አብሬው መኖር ነበረብኝና። ልጆች ወለድን፤ በአንድ ገበታ በላን። አንዳንድ ቀን ጠባችን ሲብስ ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣና እውጠዋለሁ። እሱ መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ወደ ሰማይ።

ከዚያ ጣሊያን ተሸነፈና አርበኞች ከየጫካው ወደ ደሴ ገቡ። ጎፈሬያቸው እንደ ዳስ፣ ልብሳቸው ቅዳጅ፤ ሕዝቡ እልል እያለ መንገድ ዳር ተሰልፏል። እኔም ወንድሜን ፍለጋ ወጣሁ። ባሌ ያን ቀን ቤት ተደብቆ ይውላል ብዬ ነበር፤ ጣሊያን ያስታጠቀው ሰው ሁሉ ተደብቆ ነበርና። እሱ ግን ተከትሎኝ መጣ፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ አጠገቤ ቆመ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔ አንዳንዴ በእንባ ዓይኔ እየተጋረደ ያመልጠኝ ነበር። እሱ አንድም ሰው አላመለጠውም። በእግር ጣቱ እየቆመ፣ ሰው እየገፋ፣ የእያንዳንዱን አርበኛ ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ይመረምራል፤ ወንድሜን የሚመስል ሲያይ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ አለመሆኑን ሲያውቅ ይለቀኛል። የመጨረሻዎቹ አልፈው መንገዱ ባዶ ሲቀር፣ «ኸኋላ የሚመጡ ይኖራሉ፤ ትንሽ እንጠብቅ፤ እባክሽ ትንሽ እንጠብቅ» አለኝ።

ወደ ሰማይ የተኮሰ ሰው እንደዚያ አይፈልግም።