ለጨረታ የቀረበችው የፀደንያ ደብዳቤ

አቶ አትናቴዎስ በቀየት ከተማ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፍተው አያውቁም። ይህስ ከማንኛውም የፖስታ ሠራተኛ የሚጠበቅ ነው ይባል ይሆናል፤ የእሳቸው ጥንቃቄ ግን ከዚያም ያልፍ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ልጁ ከወታደር ቤት የላከለትን ደብዳቤ ይዞ ቀርቦ «ቅደዱና አንብቡልኝ» ሲላቸው እንኳ ማንበቡን እንጂ መቅደዱን አይቀበሉም። «ባለቤቱ ሳይከፍተው እኔ እጄን አልሰድም» ብለው ፖስታውን ወደ ገበሬው ይመልሱለታል፤ እሱ በሻካራ ጣቱ እስኪቀደው ድረስ መነጽራቸውን እየወለወሉ ይጠብቃሉ።

በዚያ ዘመን ባለቤታቸው ወይዘሮ አማከለች ከአንዲት ልጃቸው ከፀደንያ ጋር መሐል ሜዳ ይኖሩ ነበር፤ የልጅቱ ትምህርት ቤት እዚያ ስለ ነበረ። አባት የሥራውን ሳምንት ቀየት አሳልፈው ለሰንበት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ፀደንያ አሥራ አንድ ዓመት በሞላት ዓመት አስተማሪዋ ለክፍሉ ልጆች የደብዳቤ አጻጻፍ አስተማረች። ልጅቱም የተማረችውን በሥራ ለመፈተን ለአባቷ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቴምብሩን ራሷ ገዝታ፣ ራሷ በምራቋ አርሳ ለጠፈች። ቸኩላ ነበርና ገልብጣ ለጠፈችው።

ደብዳቤው ቀየት ሳይደርስ ማጅራት ገትር ያዛት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

አባቷ ቀብረው ሲመለሱ ደብዳቤው በፖስታው ከረጢት ውስጥ ጠበቃቸው። ሥራቸው ነውና የመድረሻውን ማኅተም በገዛ እጃቸው መቱበት። ሊከፍቱት ግን አልቻሉም። ለአርባዋ እከፍተዋለሁ አሉ። አርባው ሲደርስ ለሙት ዓመቷ አሉ። ለባለቤታቸውም የደብዳቤውን ነገር ሳይነግሩ፣ መሐል ሜዳ ቤታቸው ቴምብር ያጠራቅሙበት በነበረው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከሌሎች ፖስታዎች መካከል አኖሩት።

በአገሩ ልማድ የሟች ልብስና ዕቃ በቤት አይሰነብትም፤ ሐዘኑን እንዳይቀሰቅስ እየተመረጠ ለሰው ይሰጣል። ወይዘሮ አማከለችም ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቤታቸውን ማጽዳት ጀመሩ። በዚያው ሳምንት አሮጌ ቴምብር የሚሰበስብ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ሰፈሩ መጥቶ ቴምብር የተለጠፈባቸው አሮጌ ፖስታዎች እንዳሉ ይጠይቅ ነበር። ወይዘሮ አማከለችም ልጅቱ ከሞተች ወዲህ ባላቸው ያን ሣጥን ሲከፍቱ ስላላዩ፣ ቴምብር መሰብሰቡን የተዉት መስሏቸው ከነክዳኑ አንሥተው ሰጡት። አቶ አትናቴዎስ በሰንበት ሲመለሱ ሣጥኑን አጡ። ከደጃፉ መድረክ ላይ ተቀምጠው ከሣጥኑ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚስታቸው ነገሩ። ሰውዬው ያን ጊዜ ሄዷል፤ ስሙንም የያዘ አልነበረም።

ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። ወይዘሮ አማከለች የበግ ጠጉር ሲፈትሉ እንዝርቱን ያቆሙና «የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ባላቸውም «የደበቅሁትስ እኔ አይደለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። ጡረታ ወጥተው መሐል ሜዳ በአንድ ቤት ከተሰበሰቡ ወዲህ ይህ ንግግር ሳይነገር የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ነበር።

ባለፈው ዓመት በየካቲት የጎረቤታቸው ባለሱቅ ጀላሉ ከደጃቸው ደረሰ። ጀላሉ ከገደሉ በታች ካለው ቆላ ወጥቶ መሐል ሜዳ ሱቅ የከፈተ፣ ከሸቀጡ ጎን አሮጌ ሳንቲምና ጠገራ ብር እየገዛ ለአዲስ አበባ ሰብሳቢዎች የሚያቀብል ሰው ነው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግቶ፦

«ጋሼ፣ ይህች የእርስዎ ማኅተም አይደለችም?» አላቸው።

አንድ አጫራች ድርጅት ያወጣው ዝርዝር ነበር። የሞተ የአንድ ሰብሳቢ ንብረት በወራሾቹ ይሸጣል። ከፎቶግራፉ ሥር የዕቃውን የጨረታ ተራ ቁጥር አስቀድሞ «ሎት አርባ ሰባት፤ የቀየት ማኅተም ጎልቶ የሚታይበት ፖስታ፤ ቴምብሩ ተገልብጦ የተለጠፈ፤ ከውስጡ የሕፃን እጅ ጽሑፍ አለው» ይላል። አቶ አትናቴዎስ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የአድራሻው መስመር ወደ ላይ ያዘነበለ ነበር።

«እንዴት ነው የሚገዛው?» አሉ።

«ይቀመጡና ልንገርዎ» አለ ጀላሉ። «ጨረታ የበግ ገበያ አይደለም። በጉን በባለቤቱ ፊት እያጣጣሉ ይገዛሉ፤ እዚያ ግን የሚያጣጥሉለት ባለቤት የለም፤ የሚፎካከርዎ ገዢ ብቻ ነው ያለው። በመጀመሪያ፣ ከጨረታው ቀን በፊት ዕቃው ለእይታ የሚቀርብበት ቀን አለ፤ እንዳያመልጥዎ። በቴምብሩ ዙሪያ ያለውን ጥርስ ይዩ፣ ጀርባውን ይዩ፣ የተጠገነ እንዳይሆን።»

«ጥርሱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ለእርስዎ ምንም አያደርግም፤ እንደ ገዢ ለመምሰል ግን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከዚህ አላልፍም የሚሉትን ዋጋ እዚሁ ቤትዎ ሆነው ወረቀት ላይ ይጻፉ። አዳራሽ ውስጥ ደም ይሞቃል። የአጫራቹ ድርሻም ከላይ እንደሚታከልበት አይርሱ። ሦስተኛ፣ ፊትዎን እዚህ ጥለውት ይሂዱ።»

«ፊቴን?»

«እንደ አሁኑ እንባ ባቀረረ ዓይን ከገቡማ እንኳን ደብዳቤውን የተቀመጡበትን ወንበርም ያስገዙዎታል!»

አቶ አትናቴዎስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ግን እነግራቸዋለሁ። የልጄ ናት፣ ተዉልኝ እላቸዋለሁ።»

ይህን ያሉት በየዋህነት ብቻ አልነበረም። በደብራቸው የንግሥ በዓል ምእመናን ለስለት ያስገቡት ጥላና መጎናጸፊያ በጨረታ ይሸጣል፤ ለብዙ ዓመት ያጫረቱትም እሳቸው ናቸው። ተጫራቾቹ ዋጋውን ሲያንሩት ቆይተው ከመካከላቸው አንዱ «ስለት አለብኝ፤ ተዉልኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ ባለጸጋውም ቢሆን «ይሁንልህ» ብሎ ይለቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ብር የጨመረበት ሰው አይተው አያውቁም።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ እኮ ነው» አለ ጀላሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዲስ አበባስ ሰው የለም?»

ከበጎቻቸው ዘጠኙን ሸጡ። ወይዘሮ አማከለች አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሸኟቸው። በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ይዘው፦

«ከእጅዎ እንደ ገባች ይክፈቷት። ቤት እስኪደርሱ አይጠብቁ፤ ደውለው ያንብቡልኝ» አሏቸው።

በእይታው ቀን የአዲስ አበባው የጨረታ አዳራሽ ጸጥ ያለ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ነጅዋ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ሎት አርባ ሰባትን ከፕላስቲክ ልባሱ አውጥታ በነጭ ጨርቅ ላይ አኖረችላቸው። ፖስታው በጎኑ በስለት ተቆርጦ ተከፍቷል፤ ሰብሳቢው የከፈተው መሆን አለበት። ከተቆረጠው በኩል አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ቅጠል ጠርዝ ይታያል።

«አባቴ፣ አውጥተው ማየት ይችላሉ። ይፈቀዳል» አለች ነጅዋ።

የአቶ አትናቴዎስ አውራ ጣት ከወረቀቱ ጠርዝ ደረሰ። ከዚያ ተመለሰ።

«ነገ ስገዛው» አሉ። «ዛሬ የሌላ ሰው ነው።»

ነጅዋ አድራሻውን አየች፤ በጨረታው መዝገብ ላይ የጻፉትን ስማቸውንም አየች። «እዚህ ላይ ያለው የእርስዎ ስም አይደል እንዴ? የእርስዎ ነዋ!»

«የእኔ ነበር፤ አሁን ባለቤት አለው። ደግሞም ለብቻዬ አላነበውም። ነገ ከደጅ ቆሜ እደውላለሁ፤ እናቷ እየሰማች አነበዋለሁ።»

ልጅቱ ልትከራከራቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ሽበታቸውን አይታ ተወችው። ፖስታውን ወደ ልባሱ መለሰችው።

በማግሥቱ ሎት አርባ ሰባት ከቀትር በፊት ተጠራ። ለእያንዳንዱ ተጫራች ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ታድሏል፤ የጨመረ ካርቶኑን ያነሣል። ከፊት የተቀመጡ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ሰብሳቢና ከኋላ ያለ አንድ ወጣት ተፎካከሯቸው። በወረቀት ላይ ጽፈው በኪሳቸው የያዙት ዋጋ ሲደርስ አቶ አትናቴዎስ ካርቶናቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ነጠላቸውን አደገደጉ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ በደብራቸው ዐውደ ምሕረት በለመደ ድምፃቸው። «ይህን ደብዳቤ የጻፈችው ልጄ ናት። ሳላነበው ሞተችብኝ። እናቷ ስልክ ይዛ ተቀምጣለች። ተዉልኝ።»

ሽማግሌው ሰብሳቢ ዞረው አዩዋቸው፤ ካርቶናቸውንም በጉልበታቸው ላይ ገልብጠው አኖሩት። «ይሁንልዎ ወንድሜ» አሉ። ወጣቱም ካርቶኑን ከወንበሩ ሥር ከተተ። አቶ አትናቴዎስ እጅ ነሥተው ተቀመጡ። ያሰቡት ሆነ፤ ሰው በሁሉም አገር ሰው ነው።

አጫራቹ መዶሻውን አነሣ። «አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ...»

ከጎን ካለው ጠረጴዛ አንድ እጅ ተነሣ። ከውጭ አገር በስልክ ለሚጫረቱ ገዢዎች የተመደበው ሠራተኛ ነበር። በአዳራሹ የተነገረው ልመና በስልኩ አላለፈም።

«ንገራቸው እንጂ!» አለ አጫራቹ።

ሠራተኛው በባዕድ ቋንቋ በጥድፊያ ተናገረ፤ አዳመጠ፤ እንደ ገና ተናገረ። ፊቱ ቀላ። «አዝነዋል። ግን ከስብስባቸው የጎደለው ይኸው ማኅተም ብቻ ነው፤ ይጨመር ይላሉ።»

«ለአባትየው በእኔ ሒሳብ ይጨመርላቸው!» አሉ ሽማግሌው ሰብሳቢ ተነሥተው። ወጣቱም «በእኔም!» አለ። ዋጋው ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ በለጠው። በሦስተኛው ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። መዶሻው ወረደ።

አቶ አትናቴዎስ ወደ ነጅዋ ጠረጴዛ ሄዱ። በዕድሜያቸው ተናግረውት የማያውቁትን ቃል ያን ጊዜ ተናገሩ።

«ለአንድ አፍታ አሳዪኝ። አነበውና እመልሰዋለሁ።»

ነጅዋ እየሮጠች ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ከተሸጠ በኋላ ያለ ገዢው ፈቃድ አይወጣም ብለው ቆልፈውበታል። ስልኩ ተዘግቷል አሉኝ። ትናንት እኮ አባቴ... ትናንት...» አልጨረሰችውም።

ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። ማን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። እስኪያቆም ድረስ ቆመው ጠበቁት።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ አማከለች ባዶ እጃቸውን አዩ፤ የሚቀመጡበትን አጎዛ አነጠፉላቸው። አቶ አትናቴዎስም የሆነውን ሁሉ በየተራው ነገሯቸው፤ የሽማግሌውን ደግነት፣ ስልኩን፣ መዶሻውን። የእይታውን ቀን ዘለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ የሚያጋልጣቸው ሰው አልነበረም። አላለፉትም።

«ከእጅዎ ነበረች?» አሉ ወይዘሮ አማከለች።

«ነበረች።»

«ተከፍታ?»

«ተከፍታ።»

«ያንብቡ ብለውዎት?»

«አዎን። ያን ጊዜ የእኛ አልነበረችም አማከለች።»

ሴትዮዋ እንዝርታቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

«እኔ የሰጠኋት ሳላውቅ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከተጋቡ ጀምሮ ባልና ሚስቱ ከአንድ ገበታ ይቆርሱ ነበር። ያን ምሽት ወይዘሮ አማከለች ወጡን አውጥተው፣ ውኃ አስታጥበው፣ ገበታውን በአቶ አትናቴዎስ ፊት በሥርዓት አቀረቡ፤ እሳቸው ግን ከገበታው አልቀረቡም። ከምድጃው ወዲያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተቀመጡ። አቶ አትናቴዎስ አንድ ጊዜ ቆረሱ፤ የቆረሱትን በእጃቸው እንደ ያዙ ቀሩ።