ከምንጯ በላይ የተተከለው ችካል

ሰሞኑን ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከቤቴ አጠገብ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ማሽን ቆሞ ነበርና፣ የናፍጣና የእርጥብ አፈር ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ የያዝኩትን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀምጬ ባለሁበት ቆምኩ። ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ ይጮሃል፤ እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኛለሁ፤ ከገሳይ ከተማ በላይ ባለው መንደራችን፣ ከአባቴ ጋር፣ ማንም ሳያየን አፈር እረግጣለሁ።

ማዕድን የሚያጠኑት ሰዎች የመጡት በመስከረም መጨረሻ፣ ገብሱ ሲያሸት ነበር። ባርኔጣ ደፍተው፣ ትንንሽ መዶሻ ይዘው፣ ድንጋይ እየፈለጡ በአጉሊ መነጽር ያዩ ነበር። እኛ ልጆች ከገደሉ ሥር እየለቀምን ቅልልቦሽ የምንጫወትበትን አረንጓዴ ጠጠር ብናሳያቸው ደስ ብሏቸው ብስኩት ሰጡን። አረንጓዴው መዳብ መሆኑን፣ ከመዳቡም ጋር ወርቅ እንደሚፈልጉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ብስኩቱ ግን ከወርቁም በለጠብኝ።

መንደሩን ያስጨነቀው ለሚቆፍሩበት ቦታ ምልክት ብለው ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት ችካላቸው ነበር። አንዱን ከጓሯችን ማሳ መሃል ተከሉት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ሰብስቦ «ለጥናት ብቻ ነው፤ መሬታችሁን የሚነካ የለም» ቢልም፣ አባቴ የመሬት ሽግሽጉን ያየ ሰው ነው። ያኔም ገመድ ይዘው የመጡት ለመለካት ብቻ ብለው ነበር፣ ግማሹ መሬቱም በዚያው ገመድ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ አይደል?

ደግሞም መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ ትልቅ የማዕድን ማውጫ ይከፈታል፣ ሥራ እናገኛለን ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ ተራራው ከተቆፈረ ውሃችን ወዴት ይሄዳል ይሉ ነበር። የምንጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነበር፣ ለጥምቀትም ታቦት የሚወርደው ወደ እሷው ነበር። አባቴ በየስብሰባው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኖ ስለ ምንጯ ይሟገት ነበር፤ ልቡ ግን ከጓሮው ማሳ አይነሳም ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ፣ በአንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ አባቴ ችካሉን ነቀለው።

«ኧረ ይተዉ!» አለችው እናቴ ከበሩ ላይ ሆና። «ቄሱ ድንበር ነቃይን ሲያወግዙ አልሰሙም?»

«ይሄ ምን ድንበር ነው፣ የእንግዳ እንጨት!» አለና ቀዩን ጨርቅ ፈትቶ እኔን አስያዘኝ። ቁልቁል ወርደን፣ ከምንጯ በላይ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አራሽ ከሌለው ቦታ ላይ ጨርቁን መልሶ አስሮ ተከለው። «የማንም መሬት አይደለም፤ ማንንም አይጎዳ» አለኝ። የነቀለበትንም የተከለበትንም በእግሬ እየረገጥኩ ሣር አለበስኩት። ከአባት ጋር ምሥጢር መያዝ እንዴት ደስ ይል ነበር! ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሄድኩ።

ጥምቀት አልፎ፣ ጥር ሲገባደድ የሰዎቹ መቆፈሪያ ማሽን መጣ። ከቀዩ ጨርቅ አጠገብ ቆመና ሁለት ሳምንት ያህል ሲያጓራ ሰነበተ፤ የናፍጣው ሽታም ከቁፋሮው ጭቃ ጋር እቤታችን ድረስ ይገባ ነበር። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ከደጃፍ ቆሞ አየና ተመልሶ ገባ። መጋቢት ላይ ምንጯ ደፈረሰች፤ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ውሃ አወጣች፣ በጎቹም አሽትተው ተመለሱ። ከዚያ እየቀጠነች ሄዳ ጠፋች። ሰዎቹ ዝናብ ስላነሰ ነው አሉ፣ መንደሩ ማሽኑ ነው አለ፤ ውሃውን መርምሮ እውነቱን የነገረን ግን አልነበረም። ክረምት ሲገባ ወርቅ ይኑር አይኑር እንኳ ሳይነግሩን ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

በቀጣዩ ጥምቀት ታቦቱ ወደ ማዶው ወንዝ ወረደ። ጠበል ሲረጭ ሰው እየተጋፋ ሲቀርብ፣ አባቴ ከኋላ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ። እጁን ብጎትተው «ሂጂ አንቺ፣ እኔ ደርሶኛል» አለኝ፤ ጋቢው ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልነበረችም። በየዓመቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። እኔም ምንጯን ያደረቅናት እኛ ነን እያልኩ፣ ለማንም ሳልናገር አደግኩ። ያ የተኩራራሁበት ምሥጢር ሲከብደኝ ኖረ።

ሽታው ባስቆመኝ ቀን የቁፋሮውን ኃላፊ ጠጋ ብዬ፣ ችካል ነቅሎ ሌላ ቦታ የተከለ ሰው ማሽኑን ያስት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ችካል ለምልክት ነው እንጂ ቦታውማ የሚታወቀው ከካርታው ነው፤ አንድ እንጨት ቢዛወር ማሽኑ አይስትም» አለኝ። በማግስቱ በጠዋት መኪና ይዤ ገሳይ ደረስኩ፣ የቀረውንም ዳገት እየሮጥኩ ወጣሁት ብል ይቀላል። አባቴ አርጅቷል፤ ከጓሮው ማሳ ጫፍ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት።

«አባባ፣ የእርስዎ ጥፋት አልነበረም» ብዬ ሰውየው ያለኝን ሁሉ ነገርኩት።

ዐይኑን ከማሳው ሳይነቅል አዳመጠኝ። «ይሁን፣ ልጄ። ማሽኑ አይሳት» አለ በመጨረሻ። «እኔ ግን ችካሉን ስተክል፣ ምንጯ ከሥሬ ስትፈስ ትሰማኝ ነበር።»

ዛሬም ሌሎች ማዕድን አውጪዎች ይመጣሉ እየተባለ ወጣቱና ሽማግሌው ይከራከራሉ፤ አባቴ ግን ስብሰባ መሄድ ካቆመ ቆይቷል። ያኔ ውሃ ቀድተን የምንመለሰው እናቴ እሳቱን አያይዛ ሳትጨርስ ነበር፤ አሁን የወንድሜ ልጆች ጀሪካን በአህያ ጭነው ማዶ ወንዝ ደርሰው ሲመለሱ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የጓሮው ማሳ ግን አለ፣ ማንም አልወሰደብንም፤ ገብሱም ዘንድሮ ያማረ ነው።