ባዶ ቧንቧ ያጠበችው ሠልጣኝ

መጀመሪያ ያየሁት የኢሕሳንን አውራ ጣት ነው፤ የሳሙና አረፋ ደርቆበታል። እኔ በመዝጋቢነት በምሠራበት የአዳማ ማሠልጠኛ የኤሲ ጥገና ትማራለች። ትናንት የተግባር ፈተናውን ወድቃለች፤ ዛሬ ካላለፈች ሰርተፍኬት የለም።

«ምን አጥፍተሽ ነው?» አልኳት።

«ቧንቧው የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጊ አሉኝ። ሙሉውን አረፋ ቀብቼ የት ጋ እንደሚነፋ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሩብ ሰዓት። ለካ አረፋውን የሚነፋ ጋዝ አልሞላሁበትም። ባዶ ቧንቧ ሳጥብ ነበር።»

የእኔ ይብሳል፤ ትናንት ቁጭ ብላ ስትጠብቅ በመስኮት ሳያት ትዕግሥቷ ገርሞኝ ግጥም ጽፌላታለሁ። ነገርኳት።

«ወንድሜ፣ ፈታኙ ግጥሙን እንዳያይ። ሁለታችንንም ይጥለናል።»

ስሟ ሲጠራ የጋዙን ሲሊንደር በሁለት እጇ አቅፋ፣ «መጀመሪያ ጋዝ፣ መጀመሪያ ጋዝ» እያለች ወደ ፈተናው ክፍል ሄደች።