የጋሼ ሽቦ ግራ እጅ

ጋሼ ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ቀን የሰው ቤት ሽቦ ሲዘረጋ ይውላል፣ ሲመሽ ደግሞ የጊታሩን የሽቦ ክር ሲመታ ያመሻል። ከመሰላል ወድቆ ግራ ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ ግን ሁለቱም ቀሩ። ጀሶው ሲፈታ ክንዱ እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥኖ ወጣ። ክንዱን የምታሽለት ነርስ «ጣቶችህን አንቀሳቅሳቸው፣ ግን አትጨክንባቸው» ብላ አስጠነቀቀችው።

እሱ ደግሞ ለልጁ ቃል ገብቷል። ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። በምትሸኝበት ቀን፣ ሕፃን ሳለች ያስተኛት የነበረውን ዜማ ሊመታላት ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱ ላይ ፎጣ ሰቅሎ ይለማመዳል። ቀኙ ይመታል፤ ግራው ግን ክሩን መጫን ያቅተውና ይንቀጠቀጣል። የሚወጣው ድምፅ ለራሱም ያሳፍራል።

«ጋሼ ሽቦ! የድመቷን ጅራት ልቀቅላት እንጂ!» ትላለች ጎረቤቱ ከግድግዳው ወዲያ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመና በሩ ተከፈተ።

«በግራ በኩል እኔ ልያዝልህ? አንተ ንገረኝ እንጂ እጫንልሃለሁ።»

ጋሼ ሽቦ አንገቱን ደፋ። ድሮ፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ ይህችው ሚስቱ ጊታሩን አንስታ ክሩን ነካ ብታደርገው ከእጇ ነጥቆ «ተዪው፣ ትበጥሺዋለሽ! የስፌት ክር መሰለሽ?» ብሏት ነበር። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አቧራ ስታራግፍ እንኳ ክሩን ሳትነካ ዙሪያውን ብቻ ነው የምትወለውለው። ይህን ያስተዋለው ገና ዛሬ ነው።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ የጊታሩ አንገት ላይ በአግድም ከተጋደሙት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ ላይ ክሩን ስትጫን ድምፁ እንደ ዝንብ ጢዝ አለ።

«ሽቦው ላይ አይደለም፣ ከሽቦው መለስ በይ!»

«ሽቦ ማለት አንተ አይደለህ እንዴ? አንተኑ ነዋ የተጫንኩት።»

ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሉ ዜማው እያነከሰም ቢሆን መጣ።

አንድ ከሰዓት ልጃቸው ሳታንኳኳ ገባች። ጋሼ ሽቦ ደንግጦ ጊታሩን ወደ ደረቱ ሳበው።

«እናትሽ አቧራ ልትጠርግልኝ ነው» አለ።

ሚስቱ ክሩ የታተመባቸውን የጣቶቿን ጫፎች አየት አደረገችና ወጣች። ወዲያው የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ልያዝልህ አላለችም፤ እሱም በምን አፉ ይጠይቃት።

የሽኝቱ ቀን ደረሰ። ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ልጁ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባዬ፣ ቃልህን!»

«ዛሬ ድመቷ ልትዘፍን ነው!» አለች ጎረቤቲቱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ግራ እጁን ሞከረው። ክሩ ጢዝ ብሎ ዝም አለ። «ክንዴን አመመኝ» ቢል ኖሮ ሁሉም ከንፈር መጠውለት ነገሩ ባበቃ ነበር። ሚስቱ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ነይ፣ ያዢልኝ» አላት። «ያለ አንቺ አይሆንልኝም።» ከዚያ ጆሮው ድረስ እየጋለ ወደ ልጁ ዞረ። «ያን ቀን እናትሽ አቧራ አልነበረም የምትጠርገው። ዋሽቼሻለሁ። አብራኝ ነበር የምትለማመደው።»

ሚስቱ ትሪውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አጠገቡ መጥታ ቆመችና እሱ ብቻ እንዲሰማት ዝቅ ብላ፣

«ብበጥሰውስ?» አለችው።

ያን ንግግሩን ስንት ዘመን ይዛው ኖራለች! ጋሼ ሽቦ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላትና የጊታሩን አንገት ወደ እጇ አቀረበው።