ያልጠለለው ተልባ

እንደ አምሳሉ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ሲማዳ ውስጥ ነበር ቢሉኝ አላምንም። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣማ ጭራሽ ባሰበት። ማሳው ድረስ ሄዶ ሰማዩን አይቶ ይመለሳል፤ ውኃ ይጎነጭና ደግሞ ይወጣል። ቤቱ የቀረው እህል አፉ በጭቃና በእበት የተመረገ አንድ ጎታ የዘር ገብስ ብቻ ነው። ዘር አይበላም! እሱ ከተነካ ክረምት ሲገባ የሚዘራው የለውም፤ የሚዘራው የሌለውን ደግሞ የገበሬ ማህበሩ ለሰፈራ ይመዘግበዋል። አምሳሉ ከአባቱ ደጅ ተነቅሎ የማያውቀው ቆላ ከሚወርድ ሞቱን ይመርጣል።

ነፍሳቸውን ያቆየው ሚስቱ ውባለም ከወላጆቿ ቤት ያመጣችው ተልባ ነበር። ቆልታ ትወቅጠዋለች፣ በውኃ ትበጠብጠዋለች፣ ከዚያ በነጠላ ጫፍ አጥልላ ቀጭኑን ለባሏ ታቀርባለች። አሰር ያለበትን ተልባ ለአባወራ ማቅረብ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። አምሳሉ ግጥም አድርጎ ይጠጣል፤ በሬውን ውኃ አጠጥቶ ሳይመለስ ግን ሆዱ ይጮኻል።

ውባለም ግን እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ራበኝ አትልም። እሱ ሲያዛጋ እሷ ትፈትላለች። ይኸ ነገር ከነከነው። ምን ቀምሳ ነው እንዲህ የምትችለው? ሲያወጣ ሲያወርድ ሐሳቡ ጎታው ላይ አረፈ፤ እሱ ማሳ ሲሄድ ከፍታ መልሳ ትመርገው ይሆን? በማሰቡ አፈረ፤ ረኃብ ግን ክፉ ነው፣ ያመኑትን ያስጠረጥራል።

አንድ ረፋድ ውባለም ምንጭ ስትወርድ ጠብቆ ምርጊቱን በማረሻ ፈነቀለው። ገብሱ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም። እጁን ሳያወጣ ቀና ቢል ውባለም እንስራዋን እንዳዘለች በር ላይ ቆማለች።

«ዘሩን ልትበላው ነው?» አለች።

መዋሸት አቃተው። «አንቺ የበላሽው መስሎኝ ነው።»

እንስራዋን በቀስታ አወረደች። ቅሏን ከጥግ አንስታ ፊቱ አስቀመጠችው፤ ከማጥለያው የቀረው ወፍራም፣ ልጋግ የመሰለ ተልባ ነበር።

«እኔ የምውልበት ይኸ ነው። ጥሩውን ላንተ ብዬ።»

ቀመሰው። ጉሮሮውን እያሟለጨ ወርዶ ሆዱ ውስጥ ተኛ። አንገቱን ደፍቶ ከዛሬ ጀምሮ ከነአሰሩ እንድትሰጠው ለመናት። ነውር ነው አለችው። «ነውሩስ የኔ ነው» አላት።

ጭቃና እበት አቡክቶ ጎታውን ራሱ መልሶ መረገው። ያን ቀን እስኪመሽ ሆዱ ዝም አለ። እሱ ግን ቁጭ ማለት አልቻለም፤ ውባለም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትፈትል ነበር።