ከቤት የማይወጣ ኮምፒውተር

ልጄ ኮምፒውተር ይገዛልኝ ሲል ሰው ሁሉ የመከረን ላፕቶፕ እንድንገዛለት ነበር። ላፕቶፕ ቀላል ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ መብራት ቢጠፋም ጥቂት ሰዓት ይሠራል። ሁሉም እውነት ነው። እኔን ያስፈራኝ ግን ይኸው ቦርሳ ውስጥ መግባቱ ነበር። ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነገር ልጁንም ይዞት ከቤት ይወጣል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ጌም ቤት አለ። ልጆች እየከፈሉ የኳስና የመኪና ጨዋታ ይጫወቱበታል። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ክፉ ጠባይ የለውም፤ ትምህርቱንም አይጠላም። ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ እግሩ ወደዚያ ይወስደዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያው ሳይታሰብ ተዘጋ። ባጃጅ ከመንገድ ጠፋ፤ ስልክ አይሠራም፤ ሰው ሁሉ በሩን እየቀረቀረ ይገባል። ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ወጥቼ ጌም ቤቱ ደረስሁ። በሩ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደበደብሁት። ለካ ባለቤቱ ልጆቹን «መንገዱ እስኪረጋጋ እዚሁ ቆዩ» ብሎ ከውስጥ ዘግቶባቸው ኖሯል። ልጄ ወጥቶ ሲያየኝ፣

«እማየ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

ጨዋታው ይዟቸው የውጩን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። መንገዱ በማግስቱ ተከፈተ፤ ሰዉም ረሳው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ልቤ በር በሩን ማየት ለመደ።

ስለዚህ ኮምፒውተር ሲል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ የማይንቀሳቀሰውን እንገዛለታለን አልሁ። ምክንያቴን ለማንም አልተናገርሁም። ባለቤቴ ጅጋ አካባቢ መሬት አለው፤ በዚያ ዓመት በርበሬው ቀንቶን ነበር። «ለትምህርቱ ከሆነ ይገዛ» አለ።

ልጄ ብዙ ማታ ስልኩን ይዞ ዕቃ ሲመርጥ ከረመ። ሙሉውን አዲስ ከመግዛት ያገለገለውን ገዝቶ ውስጡን ማሻሻል እንደሚረክስ አስረዳኝ። የሚያስበው ይኼ ነው፣ የሚያስታውሰው ይኼ ነው፣ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ይኼ ነው እያለ አንድ በአንድ ነገረኝ። ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

«እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ምስሉን ያፈጥነዋል። ያጠራዋል።»

«ለትምህርቱ ይጠቅማል?»

መዋሸት አይችልበትም። «ለትምህርቱ እንኳ ያለ እሱም ይሆናል» አለ።

«እንግዲያው ያለ እሱ ይሁን።»

ባለቤቴ ጥግ ላይ ጋደም ብሎ ሲሰማን ነበር። «አንቺ ሴት፣ ጨው የሌለው ወጥ ሠርተሽ ብታቀርቢለት ጎረቤት ሄዶ ይበላል» አለኝ። ይህን የተናገረው ለጨዋታ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ እስኪወስደኝ ሳሰላስለው ቆየሁ። ሳይነጋም ካርዱ እንዲገዛ ቆረጥሁ።

ሱቁ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ሻጩ ጨዋ ጎልማሳ ነው። ሁለት ሳጥኖች አወጣልን፤ አንዱ እንደ መጽሐፍ ቀጭን፣ ሌላው እንደ ጤፍ ማስቀመጫ ግዙፍ።

«እናቴ፣ ይህ ቀጭኑ ጥሩ ነው፤ ቦታ አይዝም፤ ሲፈልጉ በአንድ እጅ አንሥተው ይወስዱታል።»

«ከባዱ ይህ ትልቁ ነው?» አልሁና ከፍ አድርጌ መዘንሁት። እውነትም ወገብ ይሰብራል። «ይህ ይሁን።»

«እናቴ፣ በኪሎ እኮ አይደለም የምንሸጠው!» ብሎ ሳቀ።

ልጄ እፍረት ይይዘዋል ስል ፊቱ በራ። «ትልቁ ይሻላል፤ ቀጭኑ ውስጥ ደህና ካርድ አይገባም» አለ ቸኩሎ። እኔ ለክብደቱ፣ እሱ ለስፋቱ፣ ሳንመካከር ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ጊዜ ወሰደ። ልጄና ሻጩ ማሰቢያው አራተኛ ጀነሬሽን፣ አራተኛ ትውልድ እንደ ማለት፣ ይሁን ወይስ ስድስተኛ ተባባሉ። ልጄ አራተኛው ዘገምተኛ ነው አለ።

«እኔስ ትምህርት ያቆምሁት አራተኛ ላይ አይደለም?» አልሁት።

«አንቺማ ፈጣን ነሽ፤ በተለይ ስትቆጪ።»

ስድስተኛው ሆነ። የሚያስታውሰው፣ ራም የሚሉት፣ አንድ ብቻ ይገባለትና ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶ ይቆይ፤ እሱን የከርሞ በርበሬ ይሙላው ተባለ። ሞኒተሩ ጠርዙ ላይ ጭረት ያለበት ነው፤ ጭረቱ ፊደል አይሸፍንም፤ ወሰድነው። ልጄ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኪቦርድ አንሥቶ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ መብራቱን የሚያመጣጥነውን ስታቢላይዘር አየሁ። በኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ገፍቶ ነው የሚመጣው፤ የጎረቤቴን ማቀዝቀዣ ያቃጠለው እንዲህ መጥቶ ነው። ሁለቱን መግዛት አይቻልም። ኪቦርዱን ሳልናገረው በቦታው መለሰና ጥቁሩን፣ ተራውን አነሣ። አንጀቴን በላው፤ ስታቢላይዘሩን ግን አልተውሁትም።

ካርዱም ያገለገለ ነው። «ይጫወትበትና ልየው» አልሁ።

«ይሠራል እናቴ፣ ይመኑኝ።»

«አንተንማ አምንሃለሁ። ዕቃውን ነው የማላውቀው።»

ዱካ ተሰጠኝና ተቀመጥሁ። ሻጩ የኳስ ጨዋታ ከፈተለት። እጄን ሳጥኑ ላይ አድርጌ ሙቀቱን እየለካሁ፣ ዓይኔን ልጄ ላይ ጣልሁ። ከዚያ በፊት ሲጫወት አይቼው አላውቅም። እቤት የጠየቁትን በአንድ ቃል የሚመልስ ልጅ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ «አቀብል! አቀብለው እንጅ! ወይኔ!» እያለ ይጮሃል። ሻጩ፣ «እናቴ፣ አሠልጣኝ ነው የወለዱት» አለኝ። ሳቄን ማፈን አቃተኝ።

ጥቂት እንደቆየ ሳጥኑ እጄን ማቃጠል ጀመረ፤ ምስሉም ተሰነጣጠቀና ቀጥ አለ። ሻጩ ከፍቶ አየውና፣ «ይህን አልሸጥላችሁም» አለ። ሌላ ትንሽ ካርድ አመጣ። እሱ አይሞቅም፤ አቅሙ ግን ያንሳል። ጨዋታው እንደ ፊተኛው አልጠራም። ልጄ ሳይከፋው አልቀረም፤ «ይበቃል» አለ።

ያን ጊዜ በሆዴ የያዝሁት ነገር አመለጠኝ። «ይኸኛው ጌም ቤቱን ያስረሳሃል?»

ዘወር ብሎ አየኝ። «ለዚህ ነው የምትገዥልኝ?»

«ለትምህርትህ ነው። ለዚህም ነው።»

«ገበያው የተዘጋ ቀን...»

«አዎ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማየ፣ ካርዱማ ደህና ነው። ግን ጓደኞቼ እኮ ያሉት እዚያ ነው» አለ።

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ስለ ክብደት አስቤያለሁ፤ ስለ መብራት፣ ስለ ሙቀት አስቤያለሁ። ልጄ ብቻውን ግድግዳ እያየ እንደማይጫወት ግን አልመጣልኝም። ከፍለን ዕቃውን ባጃጅ ላይ ጫንን። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ አቅፌዋለሁ፤ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ጉልበቴን ይደቁሰዋል። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ፣ ይህን ሁሉ ብረት ታቅፌ፣ ልጁ ነገም ወደዚያው ሊሄድ ነው። ጓደኞቹ ይምጡ እንዳልል ቤታችን ጠባብ ነው፤ የሰው ልጅ ቤትህ ሳለ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ጫጫታውም አለ። ደግሞ የእነሱስ እናቶች ያን ቀን የት ነበሩ? እንደኔው በር እየደበደቡ ይሆናል።

ባጃጁ በራችን ላይ ሲቆም፣ «ይምጡ» አልሁት።

«እነማን?»

«ጓደኞችህ። እኛ ቤት ይምጡ። ግን መጀመሪያ ትምህርት፣ ከዚያ ጨዋታ። ሳይመሽም ሁሉም ወደየቤቱ።»

«እሽ! እሽ እማየ!» ብሎ ሳጥኑን ከጭኔ ላይ ላጥ አድርጎ ወሰደው። ይከብዳል ያልሁት ለካ ለእኔ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታዬ ከፍርሃቴ ጋር ነበር። አቧራ እንዳይነካው የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አልብሼው፣ «እማየ፣ ታፍኖ ይሞታል!» ብሎ ገፈፈው። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ሮጬ ሶኬት እነቅላለሁ፤ አንድ ጊዜ ልጄና ጓደኞቹ ሊያሸንፉ ሲሉ ነቅዬባቸው ባለቤቴ ነው ያስታረቀን።

አሁን ተላምደናል። የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት በፍላሽ ተቀባብለው ያመጣሉ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይማሩበታል። እኔ ጽሑፉን ባልከታተለውም ድምፃቸውን እከታተላለሁ። ሲከራከሩ ሒሳብ ነው፤ ሲጮሁ ኳስ ነው፤ ዝም ሲሉ አንገቴን በመጋረጃው አስገብቼ አያለሁ። ቆሎ አቀርባለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ የሚበላ ልጅ ግን ለዚያ ቀን ጨዋታ የለውም። ጎረቤቴ በአጥር በኩል፣ «ጌም ቤት ከፈትሽ አሉ?» አለችኝ። «ከፍቻለሁ፤ ያንቺንም ልጅ ላኪው» አልኋት። ላከችው።

ባለቤቴ ከጅጋ ደክሞት ሲመጣ መቀመጫ አጥቶ ደጅ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። «ከባዱን መርጠሽ ልጁን አስቀመጥሽ፤ እኔን አስወጣሽኝ» ይለኛል።

በቀደም ልጄ ውጤቱን ይዞ መጣ። ፊዚክሱ ከፍ ብሏል፤ እንግሊዝኛው ባለበት ነው። አይቼ ደስ ሲለኝ ጊዜውን ጠብቆ ኖሮ፣

«እማየ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ይህን ተሸክሜው አልሄድም። ላፕቶፕ ያስፈልገኛል» አለ።

«መጀመሪያ ግባ» አልሁት።

ገብቶ ቢሄድ ደስታዬ ነው። ቀላሉን፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን እኔው እመርጥለታለሁ። እስከዚያው ሊመሽ ስለሆነ፣ የሰው ልጆች ወደየቤታቸው እንዲገቡ ልነግራቸው ተነሣሁ።