ለፕሮፌሰሬ ምስክር ፍለጋ

ነገሩ የገጠመኝ ሚሊኒየሙን ባከበርን በሦስተኛው ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በጣም የማከብራቸውን መምህሬን ላድን ብዬ፣ እሳቸውን "ዓይንዎን ላፈር" የሚላቸውን ሰው ደጅ ስለጠናሁ ነው።

ላሊበላ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። የኮምፒውተር ክፍሉም ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝን ሰው ስማቸውን ልተወውና ፕሮፌሰር ብቻ ልበላቸው። የዋድላ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት የደጋውን ገብስ ዘር ከየገበሬው ጎተራ እየለመኑ በመሰብሰብ ነው። ጡረታ መውጣታቸውን ስሰማ፣ ማንም ሰው በሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ እሳቸው አንድ ገጽ ጻፍኩ። ግንኙነቱ እየተቆራረጠ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

በአራተኛው ቀን ገጹን ስከፍት አናቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። አንድ የማላውቀው አርታኢ፣ ሰውየው ገጽ የሚገባቸው ስለመሆኑ ማስረጃ የለም፤ በሰባት ቀን ውስጥ ገለልተኛ ምንጭ ካልቀረበ ይሰረዛል ብሏል።

ደሜ ፈላ። አሥራ አራት ምንጭ ጠቅሻለሁ፣ ዓይንህን ገልጠህ አንብብ ብዬ መለስኩለት። እሱም በትሕትና ቆጥሮ አሳየኝ። ዘጠኙን የጻፉት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ አምስቱን ደግሞ ተማሪዎቻቸው። እውነቱን ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ ገነተ ማርያም ወላጆቼ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ በአካባቢው ሽምግልናም ይቀመጣሉ። የኢንተርኔቱ ነገር አልገባቸውም፤ ሙግቱ ግን ወዲያው ገባቸው። ያ አርታኢ ክፉ ሰው ነው ብዬ እንዲፈርዱልኝ ስጠብቅ ለእሱ ፈረዱለት።

"እኛ ድንበር ስንዳኝ የባለመሬቱን ወንድም አንጠይቅም፣ ልጄ። የምንጠይቀው ድንበርተኛውን ነው፤ ያውም የተጣላውን። እሱ 'እስከዚህ ድረስ የእሱ ነው' ካለ ማን ያፈርሰዋል?"

ፕሮፌሰሩ የተጣሉት ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ምርጥ ዘር በተነሳ ቁጥር "ያ የፍላቂቱ ዳምጤ ቢሰማኝ ይሰቅለኝ ነበር" ይሉናል። እኛም እንስቅ ነበር።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ስጠይቀው ለአንድ ገጽ ብለሽ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ጋሸና ላይ ሚኒባስ ቀይሬ፣ ከሁለት የድንች ጆንያ መካከል ተጣብቄ ፍላቂት ገባሁ። አቶ ዳምጤ የግብርና ባለሙያ ሆነው የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ቤታቸውን ያሳየኝ የመጀመሪያው የጠየቅኩት ሰው ነው። አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኘኋቸው። የፕሮፌሰሩን ስም ስጠራ ፊታቸው ጠቆረ። ሆኖም እንግዳ ነኝና አስገቡኝ፤ ያተምኩትን ገጽም ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ።

"ደጋውን ከረሃብ የታደጉ" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ይሄማ ገድል ነው። ሰውዬው መቼ ሞተና ነው ገድል የምትጽፊለት?"

አፈርኩ፤ ግን አልተነሳሁም። ምስክር ፍለጋ እንደመጣሁ፣ አራት ቀን ብቻ እንደቀረኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ጓዳ ገብተው አንድ የባለሙያዎች መጽሔት ሦስት እትም ይዘው ወጡ።

ሦስቱም ላይ ክርክር ነው። ፕሮፌሰሩ የአባቶችን ዘር መጣል አይገባም ብለዋል፤ አቶ ዳምጤ ደግሞ ያ ዘር ገበሬውን በድህነት ያቆየዋል ብለው ጽፈውባቸዋል። ሌሎች ሁለት ባለሙያዎችም ገብተውበታል፤ አንዳቸውም የፕሮፌሰሩ ተማሪ አይደሉም። በመጨረሻው እትም አቶ ዳምጤ፣ ውርጭ በወረደበት ዓመት የእሳቸው ምርጥ ዘር ተቃጥሎ የፕሮፌሰሩ ገብስ መትረፉን በገዛ እጃቸው አምነዋል። ቀጥለው ግን ዝናብ ባማረበት ዓመት ያው ገብስ የሚሰጠው ምርት የሌላውን ግማሽ አይሞላም፣ ፕሮፌሰሩም ይህን አይተው እንዳላዩ አልፈውታል ብለዋል። ከዚያ መጽሔቱ ተዘጋ።

"ውሰጂው" አሉኝ። "ከጠቀስሽ ግን ሙሉውን ጥቀሺ። የሚጥምሽን ቆርጠሽ የሚመርሽን ከተውሽ ምስክርነቴን አንስቻለሁ።"

በመልስ ጉዞዬ ሁሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በመምህሬ ገጽ ላይ "አይተው እንዳላዩ አልፈውታል" ብዬ በገዛ እጄ ልጻፍ? ያቺን አንድ መስመር ብተዋት ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። ላሊበላ ስደርስ ወስኜ ነበር።

ውዳሴውን በሙሉ ሰረዝኩ፤ ሲታተም አራት ወረቀት የነበረው አንድ ሆነ። ክርክሩን እንዳለ፣ የሚጥመውንም የሚመረውንም አስገባሁ። በስድስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። በሰባተኛው ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄጄ ለምኜ ላክሁት። በማግስቱ አርታኢው ማስጠንቀቂያውን አንስቶ የጻፈው አንድ ቃል ነው፤ "ይቆይ"።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ ገጹን ማየታቸውን ሰምቻለሁ፤ ሁለት ሳምንት ግን አልደወሉም። ቅር አሰኝቻቸዋለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ደወሉ። አነበብኩት አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ዳምጤ በሕይወት አለ እንዴ?"

አዎ፣ በሕይወት አሉ፣ ደህና ናቸው አልኳቸው።

"ስልኩን ላኪልኝ። መጽሔቱ ተዘግቶብኝ ያልመለስኩለት ነገር አለ።"

ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሎች በስልክ እንደሚነታረኩ ሰምቻለሁ፤ ማን እንደረታ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም።

ገጹ እስካሁን አለ። የፕሮፌሰሩ የቀድሞ ተማሪዎች በየጊዜው እየገቡ የአቶ ዳምጤን አንቀጽ ያጠፉታል። አንዱማ ከሃዲ ብሎ ጽፎልኛል። አልከፋኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ግን ባጠፉት ቁጥር እመልሰዋለሁ። መምህሬን ከእኔ የበለጠ የሚወድ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ፤ አንቀጹ አይነካም።